ቀለሙን ተወውና የኋላዋን አንኳኳ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አባቴ ከጅቡቲ ያመጣት 5 ሜትር ገደማ የምትሆን የፋይበር ጀልባ አለችን። 12 ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሞተሯ ሁለት ስትሮክ፣ 40 ፈረስ ያማሃ ነው። ስቶር ውስጥ ተቀምጧል። ያኔ ይሠራ ነበር። የሐረማያ ሐይቅ ውሃው ስለተመለሰ ጀልባዋን አድሼ እሁድ እሁድ ሰው ላዝናናባት አስቤያለሁ። ብር ብዙ የለኝም፤ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ነው የምሠራት። ስንጥቆቹን በስቱኮ ሞልቼ ቀለም ልቀባት፣ ከዚያ ካንዴላ ቀይሬ ሞተሩን ላስነሳ ነው ሐሳቤ። ካልተነሳ የእርሻ ውሃ ፓምፕ ሞተር ቢገጠምላትስ? ሌላ ችግር የለባትም። ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ስቆም ብቻ ትንሽ ለመጥ ትላለች። ፋይበር ስለሆነች ግን አትበሰብስም ብለውኛል።»

ምላሽ፦

«ሌላ ችግር የለባትም» ካልክ በኋላ ያስከተልካት ዓረፍተ ነገር ናት ትልቁ ችግር። ሞተር የሚታሰርበት ቦታ ለመጥ ማለት የለበትም። ትንሽም ቢሆን። እዚያ ላይ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር ይንጠለጠላል። ያ ሞተር ደግሞ ጀልባዋን በሙሉ ጉልበቱ ወደፊት ይገፋል። ቦታው ከደከመ አንድ ቀን ሐይቁ መሃል ተገንጥሎ ይሄዳል። ሞተሩ ይሰምጣል፣ በተገነጠለው በኩል ውሃ ይገባል፣ አንተ ደግሞ ሰው ጭነሃል።

«ፋይበር አይበሰብስም» ያሉህ ሰዎች የነገሩህ ግማሹን ነው። ፋይበሩ አይበሰብስም። ውስጡ ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳል። የብዙዎቹ አሮጌ የፋይበር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ እንደ ሳንድዊች ነው የሚሠራው። ከውጭ ፋይበር፣ ከውስጥ ፋይበር፣ መሃሉ ኮምፔርሳቶ። ጥንካሬው ከሦስቱ መጣበቅ ነው የሚመጣው። ሞተሩ የታሰረባቸው ቡሎኖች፣ የውሃ ማፍሰሻዋ ቀዳዳ፣ አንድ ሰው አንድ ቀን የበሳት ቪቴ፣ ሁሉም ወደ እንጨቱ የሚወስዱ በሮች ናቸው። ማሸጊያቸው ሲደርቅ ውሃ ይገባል። የገባው አይወጣም።

«ድሬ እኮ ደረቅ ናት፣ ምን እርጥበት አለ?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ደረቅ ናት። ግን በሁለት የፋይበር ግድግዳ መሃል የታሸገ ውሃ የድሬን አየር አያገኘውም። የሚያገኘው ሙቀቷን ብቻ ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ እንጨት የሚበላው ሻጋታ ይደሰታል። ጀልባዋ ሳትገለበጥ፣ ሳትሸፈን ከቆመች ደግሞ በየክረምቱ ዝናብ ስትጠጣ ነው የኖረችው። ውሃው ሁሉ የሚጠራቀመው የት ይመስልሃል? ከኋላ፣ ከታች።

ስለዚህ ቀለሙንም ስቱኮውንም ሞተሩንም ለጊዜው እርሳቸው። አንዲት ብር ሳታወጣ የምትሠራው የግማሽ ቀን ሥራ አለ።

ትንሽ መዶሻ ያዝ። የኋላውን ግድግዳ ከላይ ጀምረህ ወደታች በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንኳኳ። ደህናው እንጨት ጠንከር ያለ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ወይም ከፋይበሩ የተላቀቀው እንደ ባዶ ሣጥን «ዱብ ዱብ» ይላል። ልዩነቱን ለመለየት ሙያ አይጠይቅም፤ ከበሮ የሰማ ጆሮ ይበቃዋል። የጮኸብህን ቦታ በጠመኔ ክበበው። ቀጥለህ በ5 ሚሊ መሰርሰሪያ ከውስጥ በኩል 5 ቀዳዳ ብሳ፦ ሁለቱን በታችኛዎቹ ማዕዘኖች፣ አንዱን ከውሃ ማፍሰሻዋ አጠገብ፣ ሁለቱን ከሞተሩ ቡሎኖች ስር። የውጭውን ፋይበር እንዳትነካ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠቅልለህ ጥልቀቱን ወስን። የሚወጣውን ፍርፋሪ በእጅህ ያዘው። ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እንጨቱ በሕይወት አለ። ጥቁር ቡኒ፣ እርጥብ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ከሆነ አልቋል። ለመጥ የሚል ግድግዳ ደረቅ ፍርፋሪ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፣ ግን እኔን አትመን፣ ብሳው።

እዚያው እያለህ ወለሉንም ፈትሽ። ከወለሉ ስር ከፊት ወደኋላ የተዘረጉ ተሸካሚ እንጨቶች አሉ፤ እነሱም በፋይበር የተጠቀለሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ጀልባዎች ደግሞ በእንጨቶቹ መሃል ፎም ተሞልቶባቸዋል። ፎሙ እንድትንሳፈፍ ነበር የተሞላው፤ ካረጀ ግን ውሃ ይጠጣል። ትንሽ ቆርሰህ ጨምቀው። ውሃ ከወጣው ጀልባዋ በየሊትሩ አንድ ኪሎ ተሸክማ ነው የተቀመጠችው።

ውሳኔው እዚህ ላይ ነው። የኋላው ግድግዳ ብቻ ከሆነ የበሰበሰው፣ ሥራት። በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ነው። ተሸካሚዎቹም አብረው ከሄዱ ግን ተዋት። ወለሉን ነቅለህ፣ ፎሙን ጠርገህ፣ ሁሉንም ከሥሩ ትሠራለህ ማለት ነው። ፋይበሩን የሚያጣብቀውና የሚያጠነክረው ፈሳሽ፣ ሬዚኑ ብቻ፣ ከጀልባዋ ዋጋ ይበልጣል። የአባት ዕቃ መጣል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ገንዘብህን ውሃ ከሚበላው ሞተሩን ሸጠህ ለሌላ ጀልባ መነሻ ብታደርገው ይሻላል።

እንግዲህ ግድግዳው ብቻ ነው ብለን እንቀጥል።

የውስጡን ፋይበር ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ አስቀርተህ በግራይንደር ቁረጠው። የውጩን አትንካ፤ የጀልባዋ መልክና ቅርጽ እሱ ነው። የበሰበሰውን እንጨት በመሮ ፈልቅቀህ አውጣ። በእጅህ እንደ እርጥብ ቂጣ የሚቆረስ ቦታ ታገኛለህ፣ አትደንግጥ። ከሥር ደህና የሚመስለው ሙጥኝ ብሎ ያስቸግርሃል፤ እሱንም አውጣው። ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ እንጨት ማስቀመጥ በሽታውን አብሮ ማሸግ ነው። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አድርቀው። እዚህ ላይ ድሬ ከየትም ትበልጣለች። የባሕር ዳር ጀልባ ሠሪ ለማድረቅ የሚለፋውን ሥራ የአንተ ግቢ በነፃ ይሠራልሃል።

አዲሱ እንጨት ሁለት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ተጣብቆ 36 ሚሊ ውፍረት ይሁን። የድሮው ስንት እንደነበረ ለካና ከእሱ አታሳንስ። «የውሃ ኮምፔርሳቶ» ነው ብሎ የሚሸጥልህን ሁሉ አትመን። ከመግዛትህ በፊት የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምነህ ውሰድ። እናትህ የሽሮ ድስታቸውን ስለማይሰጡህ አሮጌ ጣሳ ፈልግና ለጥቂት ሰዓታት ቀቅለው። አድርቀህ ደግመህ ቀቅለው። ሽፋኖቹ ከተላቀቁ ሙጫው የቤት ውስጥ ነው፣ ለቁም ሣጥን ይሁን። ካልተላቀቁ ግዛው። ቅርጹን በካርቶን ቁረጥና ወደ እንጨቱ ገልብጥ። ሬዚን ቀብተህ ከውጭው ፋይበር ጋር አጣብቀው፤ አጥብቀህ የምትይዝበት ማሰሪያ ከሌለህ በሞተሩ የድሮ ቀዳዳዎች በኩል ረጅም ቡሎንና ሮንዴላ አስገብተህ አጥብቀው። በሁሉም ጠርዝ ሬዚን እኩል ተጨምቆ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ ውስጡ አየር አለ።

ግድግዳው ከወለሉና ከጎኖቹ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በወፈረ ሬዚን ክብ አድርገህ ሙላው፤ የጣትህን ውፍረት ያህል። ፋይበር ሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ከሥሩ አየር ይቀራል። ከዚያ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት፣ ማለትም የፋይበር ምንጣፍ፣ 4 ድርብ። እያንዳንዱ ድርብ ከበፊተኛው 5 ሳንቲ ሜትር ይስፋና ወደ ጎኖቹ ይውጣ። ሒሳቡን ልሥራልህ። ከጎን መውጫው ጋር 1.5 ካሬ ሜትር ብንል፣ 4 ድርብ ማት 2.7 ኪሎ ይሆናል። ማት የክብደቱን ሁለት ተኩል እጥፍ ሬዚን ይጠጣል፣ ስለዚህ ወደ 7 ኪሎ። ማጣበቂያውንና የሚባክነውን ጨምረህ 10 ኪሎ ሬዚን ይበቃሃል። ፋይበር ታንከርና የመኪና ቦዲ የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙት ፖሊስተር ሬዚን ነው የምልህ። ኢፖክሲ የሚባለው ሌላው የሬዚን ዓይነት እንጨትን ይበልጥ ይይዛል፣ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ኢፖክሲ ከገዛህ ደግሞ በላዩ ፖሊስተር አትደርብ፣ በደንብ አይዝም። አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂድ። ለአንተ ፖሊስተር።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ድሬ ላይ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ሬዚን በራሱ አይደርቅም። ሃርድነር ሲገባበት ይሞቃል፣ ይጠነክራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቀዝቃዛ ቦታ 20 ደቂቃ የሚሰጥህ ሬዚን ድሬ ላይ በቀትር 10 ደቂቃም ላይሰጥህ ይችላል። ጅቡቲ በነበርኩበት ጊዜ ገና ለማጅ ሆኜ 4 ኪሎ ሬዚን በአንድ ባልዲ በጥብጬ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርኩ። ግማሹን ሳልቀባ ባልዲው ማጨስ ጀመረ። ፕላስቲኩ ቀለጠ። ሬዚኑ እንደ ድንጋይ ተሰንጥቆ መሬት ላይ ቀረ። አሠሪዬ አልተቆጣኝም፤ ዋጋውን ከደሞዜ ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳትወጣ ነው የምጀምረው።

አንተም ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረህ 2 ሰዓት ላይ አቁም። ጥላ ስር ሥራ። ፋይበሩ ራሱ በፀሐይ የሞቀ ከሆነ ሬዚኑ ሳይጠጣ ይደርቃል፤ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ የምታየው እሱ ነው። ከግማሽ ኪሎ በላይ በአንድ ጊዜ አትበጥብጥ። የበጠበጥከውን ጠለቅ ባለ ባልዲ አትተወው፣ ሰፋ ባለ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሰው። ሃርድነሩ ለ1 ኪሎ ሬዚን 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1 በመቶ ገደማ ይሁን። «ሙቀት ስለሆነ ይበቃል» ብለህ ከዚያ በታች አትውረድ። ቶሎ የደረቀ ይፈጫል፤ ግማሽ ብቻ የደረቀ ግን ዕድሜ ልኩን ይለጠልጣል። በዓይን አትለካ። ከፋርማሲ መርፌ፣ ከታይዋን ገበያ የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ፣ አለቀ። የመጨረሻው ድርብ ላይ ብቻ ሰም ያለበት ሬዚን ያስፈልግሃል፤ አለበለዚያ አየር የሚነካው ገጽ ሙጫ ሙጫ እንዳለ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያዎቹን አትዝለላቸው። ሬዚኑ ማጠንከሪያውን ከሚያፋጥነው ኮባልት ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ይሁን። ኮባልቱን ለብቻው ከሸጡልህና ሃርድነሩን በቀጥታ ከእሱ ጋር ካገናኘኸው ይፈነዳል። ይህ ማጋነን አይደለም። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር አድርግ፣ ከነካህም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥበህ ወደ ሐኪም ሩጥ። ለኮሮና የገዛኸው ማስክ የሬዚኑን ሽታ አያግደውም፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ግቢህ ክፍት ስለሆነ ትንሽ ይሻልሃል። ፋይበር ስትፈጭ ረጅም እጅጌ ልበስ፣ ልጆቹን አርቅ። ማታ የምትታጠበው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። በሙቅ ከጀመርክ የመስታወቱ ብናኝ ቆዳህ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ታካለህ።

ስቱኮውን በተመለከተ። የመኪና ስቱኮ ውስጡ ዱቄት አለ፣ ውሃ ይጠጣል። ከውሃ በላይ ላለው ክፍል ማለስለሻ ይሁን። ከውሃ በታች ከሞላኸው በወራት ውስጥ ያብጥና ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። ስንጥቆቹም ሁሉም እኩል አይደሉም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑት የላይኛው ሽፋን ስንጥቅ ናቸው፤ መልክ ያበላሻሉ እንጂ አያሰምጡም። ለእነሱ ገንዘብ አታባክን። ከውስጥም ከውጭም የሚታይ ስንጥቅ ካለ ግን በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግራና ቀኙን የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህል አስልተህ ፍጨው። 5 ሚሊ ውፍረት ካለው በየጎኑ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በአሴቶን ጥረገው። ቲነር አሴቶንን አይተካም፣ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ከዚያ በማት ሙላው።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ካንዴላ ቀይረህ ገመዱን እንዳትስብ። 12 ዓመት የተቀመጠ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቋል፣ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በኃይል ብታዞረው ያልተሰበረውን ትሰብራለህ። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለህ አፍስስ፣ 3 ቀን ተወው። ከዚያ ከላይ ያለውን መሽከርከሪያ በእጅህ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብለህ አዙር። እምቢ ካለ ሌላ 3 ቀን።

ከዞረልህ በመጀመሪያ መጨመቂያውን (ኮምፕረሽኑን) ለካ። መለኪያ ያለው ጋራዥ አታጣም። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከ10 በመቶ በላይ መለያየት የለባቸውም። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መለኪያው 13 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ጅቡቲ 110 ፒኤስአይ ያነበበ ሞተር ድሬ ላይ 95 ቢልህ ሞተሩ አልደከመም፣ አየሩ ነው የሳሳው። «አልቋል፣ ይከፈት» የሚልህ መካኒክ ካጋጠመህ ይህን ንገረው።

ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይጠብ፣ የቤንዚን ጎማዎቹ ሁሉ ይቀየሩ። ይህን ለማሠራት ሐረር ብትወጣ አይቆጭህም። ፔጆ 404ን እስከዛሬ ታክሲ አድርጎ የሚያስኬድ እጅ የአንተ ካርቡራተር አያቅተውም። ሞተሩ እግር ውስጥ ያለውን የጥርስ ዘይት አፍስሰህ እየው። እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ዘይቱን የሚያሽገው ጎማ፣ ፓራሊዮው፣ ይቀየር። ውሃ የሚስበው ባለ ክንፍ ጎማም ደህና ቢመስልም ይቀየር፤ ሞተር የሚገድለው እሱ ነው። ያለ ውሃ ለሰከንዶችም አታስነሳው። በርሜል ሙላ፣ የውሃ መሳቢያው በደንብ እስኪጠልቅ አስገባው፣ አስነሳ። ከኋላ ቀጭን ውሃ እየሸና ካልሆነ ወዲያው አጥፋ።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፦ 50 ለ1፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ። ከፍተህ ፋሻ ከቀየርክ ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት እጥፍ አድርገው። ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል የጀልባ ዘይት ፈልግ። የሞተር ሳይክሉ ሁለት ስትሮክ ዘይት በነፋስ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው የተሠራው። የአንተ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ጥላሸት ይሞላዋል።

ስለ ፓምፕ ሞተር። የሐረማያን ውሃ ሲስቡ የኖሩት ፓምፖች አሁን መልሰው ጀልባ ሊገፉበት ነው? ሐሳቡ አስቆኛል፣ ግን ሞኝነት አይደለም። በሌሎች አገሮች ባለ 6 እና 7 ፈረስ ሞተር ላይ ረጅም ዘንግ ገጥመው ጫፉ ላይ ፕሮፔለር ያስራሉ። ለዝቅተኛ ውሃና ለሣር ጥሩ ነው። ቶርኖ ቤት ሄደህ ዘንግና ኩሽኔታ ማሠራት ትችላለህ። ችግሩ ፍሬን የሚሆን የኋላ ማርሽ የለውም፣ ብዙዎቹ ላይ ገለልተኛም የለም። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ፕሮፔለሩ ይዞራል። ዘንጉም በግልጥ ነው የሚሽከረከረው። ብቻውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይሁን። ነጠላ የለበሰች እናትና ሕፃን ለምትጭን ጀልባ ግን አይሆንም።

እኔ የምመክርህ ሌላ ነው። 40 ፈረሱን ካሠራኸው በኋላ ሽጠውና 15 ፈረስ ያገለገለ ግዛ። ሐይቁ ትንሽ ነው፣ ጥልቀቱም ብዙ አይደለም፤ የሚሮጥበት ቦታ የለም። ለመዝናኛ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ለዚያ 15 ፈረስ ይተርፋል። ክብደቱ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ የኋላው ግድግዳህ ያመሰግንሃል። ቤንዚኑም እንደዚያው። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ማንኛውም ሞተር እዚያ 20 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 40ው 32 ይሆናል፣ 15ቱ 12። ቤንዚን የሚያሳልፈው የካርቡራተሩ ጂግለር ካልተቀነሰም ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በየሳምንቱ ትቀይራለህ። ፕሮፔለሩም ገፊነቱ አነስ ያለ ይሁን።

መንሳፈፊያውን አትርሳ። እርጥብ ፎም ካወጣህ በምትኩ የቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም እንዳትከት፤ ሬዚንም ቤንዚንም ያቀልጠዋል። ርካሹ መፍትሔ አፋቸው የታሸገ ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች ናቸው። ከመቀመጫው ስር ደርድረህ እንዳይንቀሳቀሱ እሰራቸው። እያንዳንዱ 20 ኪሎ ገደማ ያንሳፍፋል። 15 ጄሪካን ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ ከነሞተሯ ከላይ ያቆያታል። ክፍተቱ ጠባብ የሆነበት ቦታ ባዶ ሃይላንድ ሙላ።

ቀለም የመጨረሻው ነው። ጀልባዋ ውሃ ውስጥ ስለማታድር የባሕር ጀልባ የሚቀባውን ፀረ አልጌ ቀለም አያስፈልጋትም። ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ የመኪና ቀለም በኮምፕሬሰር ይበቃታል። ሞተሩ ላይ የሚታሰረው፣ በሞተሩ ምትክ ራሱ እየተበላ ከዝገት የሚያድነው ብረት ጨው ለሌለው ውሃ ማግኒዥየም፣ ለባሕር ዚንክ ነው። አባትህ ከጅቡቲ ያመጡት ዚንክ ይሆናል፣ ቀይረው።

ስትወስዳት ሞተሩን አስረህበት በደንገጎ ዳገት እንዳታወጣት። በየጉድጓዱ ሞተሩ ግድግዳውን ይነቀንቀዋል፤ የለፋህበትን በአንድ ጠዋት መንገድ ይጨርስልሃል። ፈትተህ ለብቻው ጫነው። ሰው ከመጫንህ በፊት ምዝገባውንና ፈቃዱን የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን ጠይቅ። አንተን ጨምሮ ከ5 ሰው በላይ አትጫን፣ «አንድ ሰው ብቻ» የሚል ለማኝ ቢበዛም። ለ5ቱም የሕይወት አድን ጃኬት። በጀትህ ጃኬቱን ካልቻለ ቀለሙን ሰርዝ።

ወጪውን በዚህ ቅደም ተከተል አውጣ፦ መጀመሪያ ኮምፔርሳቶ፣ ሬዚንና ማት፣ ከዚያ ጃኬት፣ ከዚያ የሞተሩ ጎማዎችና ፓራሊዮ፣ ከተረፈ ቀለም። ሬዚን ግን ቀዳዳዎቹን ሳትበሳ አትግዛ፤ ዕድሜው ወራት ነው፣ ድሬ ስቶር ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ቅዳሜ ጠዋት መዶሻውንና መሰርሰሪያውን ይዘህ ግባ። የ5ቱን ቀዳዳ ፍርፋሪ ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለህ ቁጥር ጻፍበትና ፎቶውን ላክልኝ። የወለሉንም እንዳትረሳ።